ባለሞተር መጋረጃ

ባለሞተር መጋረጃ በእጅ ሳይጎተት በኤሌክትሪክ ሞተር የሚወጣና የሚወርድ የመስኮት መጋረጃ ነው። ተጠቅላይ በሆነው ዓይነት ሞተሩ ቀጭንና ረዘም ያለ ሲሆን፣ ጨርቁ በሚጠቀለልበት ቱቦ ውስጥ ስለሚገባ ከውጭ አይታይም። ኃይሉን ከቤቱ መስመር ወይም ቻርጅ ከሚደረግ ባትሪ ያገኛል።

ሪሞት ኮንትሮሉ ብዙውን ጊዜ በሬዲዮ ሞገድ ይሠራል፤ ለምሳሌ አርቲኤስ የተባለው የፈረንሳዩ ሶምፊ ኩባንያ ሥርዓት 433.42 ሜጋኸርዝ ይጠቀማል። የሬዲዮ ሞገድ ግድግዳ ስለሚያልፍ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ዕቃው ማነጣጠር አያስፈልግም።

ሲገጠም መጀመሪያ ማቀፊያዎቹ በውሃ ልክ ተስተካክለው በብሎን ይታሰራሉ። ቱቦው ካዘነበለ ጨርቁ ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ጠርዙ ይበላል። ቀጥሎ ሪሞቱ ከሞተሩ ጋር ይጣመራል፤ የላይኛውና የታችኛው መቆሚያም ይመዘገባል። ይህ ችላ ከተባለ ሞተሩ የት እንደሚቆም ስለማያውቅ የጨርቁን የታች ዘንግ ከላይ ካለው አካል ጋር ሊያላትም ይችላል።

የመጋረጃ ገመድ በሕፃናት አንገት ላይ እየተጠመጠመ ሕይወት ቀጥፏል። በአሜሪካ ከግንቦት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. (ጁን 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጸናው የደኅንነት መስፈርት ተንጠልጣይ የማንቀሳቀሻ ገመድን ይከለክላል። ሞተር ይህን ገመድ ያስቀራል፤ ይሁንና የሞተሩ ሽቦ ራሱ እንዳይንጠለጠል ከግድግዳው ጋር መያያዝ አለበት። የብዙ ሪሞቶች ባትሪም ሳንቲም መሳይ ሊቲየም ነው፤ ሕፃን ከዋጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል።