ባለክንዱ ቴሌግራፍ

ቴሌግራፍ ሲባል ለአማርኛ አንባቢ ቀድሞ የሚታየው ሽቦ ነው። «ስልክ» የሚለው ቃል እንኳ ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን የመነሻ ፍቺው ሽቦ ነው። ሽቦ የማያውቅ ቴሌግራፍ ግን ነበር፤ ያውም ስሙ መጀመሪያ የወጣው ለእሱ ነው።

በአውሮፓ ቋንቋዎች «ኦፕቲካል ቴሌግራፍ» የሚባለውን ይህን መሣሪያ በአማርኛ «የእይታ ቴሌግራፍ» ማለት ይስማማል። «የብርሃን ቴሌግራፍ» ቢሉት ያሳስታል፤ የሚበራ ነገር የለውማ። መልእክቱን ከኮረብታ ኮረብታ የሚያሻግረው የሰው ዓይን ነው።

ፈልሳፊው ፈረንሳዊው ክሎድ ሻፕ መጀመሪያ የመረጠው ስም «ታኪግራፍ»፣ ማለትም «ፈጣን ጸሐፊ» ነበር። ሚዮ ደ ሜሊቶ የተባለ ባለሥልጣን ግን ፍጥነቱን ትቶ ርቀቱን የሚናገር ስም ይሻላል አለ፤ ከግሪክኛ «ሩቅ» እና «መጻፍ» ተጋጥመው «ቴሌግራፍ» ተወለደ። ምርጫው ልክ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በማማ ላይ በቆመ ምሰሶ ጫፍ ከአራት ሜትር በላይ የሚረዝም አግዳሚ ይታሰራል፤ በሁለቱ ጫፎቹ ደግሞ አጠር ያሉ ሁለት ክንዶች ይንጠለጠላሉ። ሠራተኛው ከታች ሆኖ በገመድና በመዘውር ያዟዙራቸዋል። የሚቀጥለው ማማ ሠራተኛ በቴሌስኮፕ አይቶ ያንኑ ቅርጽ ይደግማል። የመዝገበ ምስጢሩ ስሌት ይበልጥ ያስደንቃል፦ 92 ገጾች፣ በየገጹ 92 ቃላት፣ በጠቅላላው 8,464። የመጀመሪያው ምልክት ገጹን፣ ሁለተኛው ቃሉን ይጠቁማል። በመካከል ያለው ሠራተኛ የሚያየው ሰሙን ብቻ ነው፤ ወርቁ ያለው መዝገቡን በያዘው ኃላፊ እጅ ነው።

የመጀመሪያው መስመር ከፓሪስ ወደ ሊል እ.ኤ.አ. በ1794 ተዘረጋ። በዚያው ዓመት የኮንዴ ከተማ ከኦስትሪያ ጦር እጅ የመመለሷ ዜና በዚሁ መስመር ፓሪስ ገባ፤ የፈረንሳይ ብሔራዊ ጉባኤም ከተማዋ «ኖር ሊብር» እንድትባል ወስኖ ውሳኔውን በእነዚያው ክንዶች መልሶ ላከ። ጭጋግ ከወረደ ወይም ከመሸ ግን ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል።

ሌላው ድካሙ ለሁሉም መታየቱ ነው። ከ1834 እስከ 1836 የቦንድ ነጋዴዎቹ የብላን ወንድማማቾች የቱር ከተማን የቴሌግራፍ ሠራተኛ በጉቦ ይዘው፣ በመንግሥት መልእክት ውስጥ ሆን ተብሎ የተሳሳተ ምልክት እንዲያስገባ አደረጉ። ስሕተቱ የፓሪስን የቦንድ ገበያ መውጣትና መውረድ ይነግራል። በቦርዶ ያለው ተባባሪያቸው ማማውን አንጋጦ ማየት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፤ ወንድማማቾቹ በፖስታ ሠረገላ የሚመጣው ዜና ሳይደርስ ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ። ሲያዙ ድርጊቱን በግልጽ የሚከለክል ሕግ ባለመኖሩ ከዋናው ክስ ነጻ ወጡ። በ1837 ፈረንሳይ ቴሌግራፍን የመንግሥት ብቻ የሚያደርግ ሕግ አወጣች።