የፋሺስት ጣልያን ፖሊሲ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ

የፋሺስት ጣልያን ፖሊሲ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ የሚባለው የቤኒቶ ሙሶሊኒ መንግሥት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በያዘበት ጊዜ የሴቶችን ትዳር፣ ልጆችና ኑሮ በሚመለከት ያወጣቸው ሕጎችና መመሪያዎች ናቸው። ዋና ዓላማቸው በጣልያናውያን ወንዶችና በአገሬው ሴቶች መካከል ቤተሰብ እንዳይመሠረት መከላከል ነበር።

መነሻ

ጣልያን ኤርትራን ቅኝ ግዛት ካደረገችበት ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ወታደሮችና ሠራተኞች ከአገሬው ሴት ጋር በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር። ሴቲቱ «ማዳማ»፣ ኑሮው ደግሞ «ማዳማቶ» ይባል ነበር። በሐበሻ ባህል የታወቀ የደሞዝ ጋብቻ አለ፤ ባልየው በውል የተወሰነ ደሞዝ ይከፍላል፣ የሚወለደው ልጅም የአባቱ ልጅ ሆኖ ይታወቃል። ጣልያኖቹ ግን ደሞዙን ሲቀበሉ ግዴታውን አልተቀበሉም። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ብዙዎቹ እናትና ልጅን ትተው ሄደዋል።

በጣልያን አገር የፋሺስቱ መንግሥት የሴትን ዋና ሥራ ልጅ መውለድ አድርጎ ይመለከት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1927 ባላገቡ ወንዶች ላይ ግብር ጥሏል። ጣልያናዊት ሴት ለ«ዘር» መብዛት ስትፈለግ፣ ኢትዮጵያዊት ሴት ግን ለዚያው «ዘር» አደጋ ተደርጋ ታየች።

ሕጎቹ

ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ «ኢምፓየር» ካወጀ በኋላ ሕጎቹ በተከታታይ ወጡ።

ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1937) የወጣው ቁጥር 880 ድንጋጌ ከቅኝ ተገዢ ጋር «የጋብቻ ዓይነት ግንኙነት» ያለው ጣልያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር አዘዘ።

ኅዳር 8 ቀን 1931 ዓ.ም. የወጣው የዘር ሕግ ጣልያናውያን «አርያን» ካልሆኑ ሰዎች ጋር እንዳይጋቡ ከለከለ። ይህ ሕግ በተለይ በአይሁድ ላይ በወሰደው እርምጃ ይታወቃል፤ የቅኝ ግዛቱ ድንጋጌ ግን ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቀድሞታል።

ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 822 ሕግ ክልስ ልጆችን ከአገሬው ተወላጆች ጋር መደበ። ጣልያናዊ አባት ልጁን መቀበልም ሆነ ስሙን መስጠት ተከለከለ፤ የልጁ ማሳደጊያም ሙሉ በሙሉ በእናቱ ላይ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣው የቀድሞ ሕግ ግን አባታቸው ያልታወቀ ክልሶች ዜግነት የሚጠይቁበትን በር ከፍቶ ነበር።

አፈጻጸም

በቁጥር 880 ድንጋጌ የሚከሰሰው ጣልያናዊው ወንድ ብቻ ነበር። ዳኞች ወንጀሉን ለማረጋገጥ አብሮ መኖርን፣ በአንድ ማዕድ መብላትን፣ ስጦታንና ፍቅርን እንደ ማስረጃ ይመለከቱ ነበር። በገንዘብ የሚፈጸም ግንኙነት ግን አላስቀጣም። ስለዚህ ሕጉ የሚቀጣው በሴቲቱ ላይ የሚደርሰውን በደል ሳይሆን እንደ ሚስት መታየቷን ነበር። ይኸው መንግሥት ሴተኛ አዳሪነትን ፈቅዶ በከተሞች ሴቶቹን በሕክምና ምርመራ ይቆጣጠር ነበር። ማዳማቶም በድብቅ እንጂ ጨርሶ አልቀረም።

በጎጃም

ጎጃም በጎንደር በሚመራው የአማራ ግዛት ሥር ተመደበ። በ1930 ዓ.ም. አመፅ ከተነሣ በኋላ አብዛኛው ገጠር በአርበኞች እጅ ሲሆን፣ የጣልያን ጦር እንደ ቡሬ፣ ደምበጫና ደብረ ማርቆስ ባሉ ምሽጎች ተወስኖ ቀረ። በመሆኑም የሮማ ሕግ ከምሽጎቹ ርቆ የመፈጸም ዕድሉ ጠባብ ነበር። ቡሬ በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ነፃ ወጣች።

የሴቶች ተቃውሞ

ሴቶች የፖሊሲው ሰለባ ብቻ አልነበሩም። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ አርበኞችን መርተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በአዲስ አበባ ለአርበኞች በድብቅ ሠርተዋል። ስንዱ ገብሩ ተማርከው በጣልያን አዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፣ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባልም ሆነዋል።

ከዚያ በኋላ

የክልሶች ሕግ በጣልያን እ.ኤ.አ. በ1947 ተሻረ። ጉዳዩ ግን በዚያ አላበቃም። ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ እ.ኤ.አ. በ1969 በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ በወረራው ጊዜ በኤርትራ የ12 ዓመት ልጅ ከአባቷ ገዝቶ እንደ ሚስት መያዙን ሲናገር፣ በአሥመራ የኖረችው ኤልቪራ ባኖቲ ድርጊቱ በአውሮፓ ቢፈጸም አስገድዶ መድፈር ይባል እንደነበር ፊት ለፊት ሞግታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2020 በሚላኖ የሚገኘው ሐውልቱ በቀይ ቀለም ተለቅልቋል።