የንፍጥ ቀለም ምን ይመሰክራል?

በአማርኛ ንፍጥ ክብር የሌለው ቃል ነው። አንድን ወጣት ለመናቅ ስንፈልግ «ንፍጡን ያልጠረገ» እንለዋለን፤ ሰው ፊት ስሙን መጥራትም እንደ ነውር ይቆጠራል። ይሁን እንጂ አፍንጫችንን ታመን ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ የምንጠየቀው ስለዚሁ ነገር ነው፤ ቀለሙ፣ ውፍረቱ፣ ከአንዱ ወይስ ከሁለቱም ቀዳዳ መውጣቱ፣ ስንት ቀን መቆየቱ። ብዙዎቻችን ግን ከእነዚህ ሁሉ ቀለሙን ብቻ ይዘን፣ በራሳችን ተርጉመን ወደ መድኃኒት ቤት እንሮጣለን።

ንፍጥ በአብዛኛው ውኃ ነው። የተቀረው የሚያዝለገልገው ፕሮቲን፣ ጨው፣ እንዲሁም ጀርሞችን የሚዋጉ ፀረ እንግዳ አካላትና ኢንዛይሞች ናቸው። የጤነኛ ሰው አፍንጫና ሳይነስ በቀን አንድ ሊትር ገደማ እንደሚያመነጩ ይገመታል። ይህን ያህል መሆኑ የማይታወቀን፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች ወደ ጉሮሮ ስለሚገፉትና ሳናስተውል ስለምንውጠው ነው። አቧራውንና ጀርሙን አጣብቆ ወደ ጨጓራ ያወርደዋል፤ የቀረውን የጨጓራ አሲድ ይጨርሰዋል።

የስኮትላንድ ተወላጁ ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ጉንፋን ይዞት ሳለ የራሱን ንፍጥ ባክቴሪያ በሚያሳድግበት ሳህን ላይ አኖረ። ከቀናት በኋላ ሲያየው በንፍጡ ዙሪያ የነበሩት ባክቴሪያዎች ሟሙተዋል። ላይሶዛይም የተባለው ኢንዛይም የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ዝናውን ያተረፈለትን ፔኒሲሊን ያገኘው ከዚያ በኋላ፣ በ1928 ነበር።

ወደ ቀለሙ እንመለስ። ጉንፋን ሲጀምር ንፍጡ እንደ ውኃ ይቀጥናል፤ ከዚያ ነጣ ብሎ ይወፍራል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ቢጫ፣ አልፎም አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴውን የሚያመጣው ባክቴሪያው ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ቀለሙ የሚመጣው ለውጊያ ከተላኩት ነጭ የደም ሴሎች ሲሆን፣ በውስጣቸው ብረት ያለበት አረንጓዴ ኢንዛይም ይገኛል። ሴሎቹ ደግሞ ቫይረስም ሲገባ ይዘምታሉ። ሌሊቱን ተጠራቅሞ ያደረ ንፍጥ ጠዋት ላይ ጠቆር ማለቱም ያለ ነው። እኛ የሕግ ሰዎች እንዲህ ያለውን የአካባቢ ሁኔታ ማስረጃ እንለዋለን፤ ቀለሙ ለብቻው ለፍርድ አይበቃም።

የባክቴሪያ ሳይነስ የሚያስጠረጥረው ጊዜና አካሄድ ነው። ሕመሙ ከ10 ቀን በላይ ምንም ሳይሻለው ሲቆይ፤ ተሽሎት የነበረ ሰው እንደገና ትኩሳትና ራስ ምታት ሲጀምረው፤ ወይም ገና ከጅምሩ 39 ዲግሪ የሚደርስ ትኩሳት ከፊት ሕመምና ከመግል መሰል ንፍጥ ጋር ሦስት አራት ቀን ሲዘልቅ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያ በመለስ ላለው አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ትርፉ ኪሳራ ነው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። በአገራችን የሐኪም ማዘዣ የሚያስፈልገውን መድኃኒት ያለ ማዘዣ መሸጥ ሕግ ይከለክላል፤ ሆኖም ክልከላው ከወረቀት ወደ መድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚሳሳ አንባቢም ያውቀዋል። በበኩሌ ሻጩን ብቻ መውቀስ አይበቃም እላለሁ፤ «ለአረንጓዴው የሚሆን ስጠኝ» ባዩ እኛው ነን። ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ንግግሩ፣ ፔኒሲሊንን በማይበቃ መጠን መውሰድ ባክቴሪያውን መድኃኒት እንዲላመድ ያስተምረዋል ሲል አስጠንቅቆ ነበር።

ቀጭንና ጥርት ያለ ንፍጥ ከማሳከክና ከተደጋጋሚ ማስነጠስ ጋር ሲሆን ብዙ ጊዜ አለርጂ ነው። ሚጥሚጣ ስንበላ የሚወርደው በሽታ አይደለም፤ ስናለቅስ የሚወርደውም ከዓይን ወደ አፍንጫ በሚያልፍ ቱቦ የመጣ እንባ ነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሲታጠን የዋለ ሰው በማግሥቱ ጥቁር ቢናፈጥ ጥላሸቱ ነው። ነገር ግን የስኳር ሕመም ያለበት ወይም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ጥቁር ፈሳሽ ከፊት ሕመም ወይም እብጠት ጋር ካየ አደገኛ የፈንገስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

በበጋው ደረቅ አየር ደም የቀላቀለ ንፍጥ ማየት የተለመደ ነው። ነስር ሲመጣ ራስን ወደ ኋላ መጣል ደሙን ከማስዋጥ በቀር አይጠቅምም፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የአፍንጫን ለስላሳ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቁ መቆንጠጥ ይገባል። አፍንጫ የሚከፍተው ጠብታም ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰደ መልሶ ራሱ ይደፍናል፤ ለወራት ከጠብታ ጋር የሚኖሩ ሰዎች በሽታቸው ብዙውን ጊዜ ጠብታው ነው።

ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚወጣ ንፍጥ የተለየ ትኩረት ይሻል። በትንሽ ልጅ ላይ ከሆነና የሚሸት ከሆነ አተር፣ ባቄላ ወይም ዶቃ ከትቶ ሊሆን ይችላል፤ ቤት ውስጥ በወረንጦ መጎርጎር ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በአዋቂ ላይ ደም እየቀላቀለ ሳምንታት ከቆየ ዕጢ አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት። ጭንቅላቱን በመኪና አደጋ ወይም በመውደቅ የተመታ ሰው ደግሞ ሲያጎነብስ ከአንድ ቀዳዳ ውኃ የመሰለ፣ ጨው ጨው የሚል ፈሳሽ ከወረደው፣ ያ ንፍጥ ሳይሆን ከአንጎል ዙሪያ የሚያፈስ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፤ ማጅራት ገትር ሊያስከትል ስለሚችል ሳይናፈጥ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይኖርበታል።