የጫኖ ልጅ ምን ያንብብ?

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ በሙዝና በማንጎው መሀል ጫኖ አለች። በአንድ በኩል የዓባያ ሐይቅ፣ በሌላው የጋሞ ደጋ። እዚያ ያደገ የ15 ዓመት ልጅ «ከእኛ በፊት እዚህ ማን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ምን መጽሐፍ ይሰጠዋል? ወላጅ ወደ ከተማ ሲወጣ አዟሪው የሚዘረጋለት በአብዛኛው ስለ ስኬት የተተረጎመ መጽሐፍ ነው። ወይም ምንጩን የማይናገር፣ ሽፋኑ ላይ ንጉሥና ጋሻ የተሳለበት «ታሪክ»። ልጁ ግን የጠየቀው ሌላ ነው።

ከሐይቁ እንጀምር። ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1895 በጀመረው ጉዞው ዓባያ ደርሶ ሐይቁን በጣሊያን ንግሥት ስም «ማርጌሪታ» አለው። ወገኖቹ አድዋ ላይ ድል በተመቱበት ዘመን መሆኑ ነው! የአካባቢው ሰው ለሐይቁ ስም ነበረው፤ የአውሮፓ ካርታዎች ግን ማርጌሪታን ለብዙ ዓመታት ይዘው ቆዩ። ቦቴጎ በ1897 ወለጋ ውስጥ ተገደለ። የጉዞውን መጽሐፍ ያሳተሙት አብረውት የነበሩት ቫኑቴሊና ቺተርኒ ናቸው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ይጣል ማለት አይደለም። ማን ጻፈው፣ ለማን፣ መቼ የሚለውን ይዞ ለሚያነብ ልጅ ወርቅ ነው፤ ሳይጠይቅ ለሚያነብ ግን ሐይቁ ማርጌሪታ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ የሚበልጠው ታሪክ ደግሞ ከጫኖ በላይ፣ ደጋው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሞታ በሚባል ዋሻ ውስጥ 4,500 ዓመት ገደማ የሆነው የሰው አጽም ተቆፍሮ ወጣ። ተመራማሪዎቹን ወደ ዋሻው የመሯቸው የቦረዳ ሽማግሌዎች ናቸው። አጽሙ «ባይራ» ተባለ፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። ከራስ ቅሉ አጥንት የተገኘው ዘረመል በ2015 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጣ። ከጥንታዊ አፍሪካዊ አጽም ሙሉ ዘረመል ሲነበብ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ልጁ ሊማርበት የሚገባው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የምርምር ቡድኑ «ከምዕራብ እስያ የተመለሱ ሰዎች ዘር በመላው አፍሪካ ተሰራጭቷል» ብሎ ነበር። ዜናውም ዓለምን ዞረ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በ2016 መጀመሪያ፣ እነዚያው ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌቱ አንድ እርምጃ መዘለሉን ነግረው አረሙት፦ «መላው አፍሪካ» የተባለው አይጸናም፤ የዘሩ አሻራ በዋናነት ምሥራቅ አፍሪካን የሚመለከት ነው። ዛሬ ስለ ባይራ የሚያወራ መጽሐፍ በእጃችሁ ቢገባ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት እዩ። እርማቱን ካላነሳ፣ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያምር ለልጅ አይሰጥም።

የኅትመት ነገር በሀገር ታሪክም ይሠራል። የባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ በእንግሊዝኛ መጀመሪያ ሲወጣ እ.ኤ.አ. 1974 ላይ ይቆማል፤ ሁለተኛው እትም ደርግን ጨምሮ እስከ 1991 ይሄዳል። የአማርኛው «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» እንደ ሁለተኛው ነው። አሮጌውን እትም የገዛ አባት ለልጁ አሥራ ሰባት ዓመት የጎደለው ሀገር ሰጠው ማለት ነው።

ባሕሩ ብቻውን ግን ለ15 ዓመት ልጅ ሊከብድ ይችላል። ከእርሱ ጎን የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ኦቶባዮግራፊ» ይቀመጥ፤ ጸሐፊው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመ ነው። በልጅነታቸው አድዋ ዘምተው፣ ከዚያ ሩሲያ ሄደው መድፈኛ መኮንን የሆኑ ሰው ናቸው። የትኛው ጎረምሳ ነው ይህን ጀምሮ የሚያቆም? ሰውየው ስለ ራሳቸው ሲጽፉ ለራሳቸው ማድላታቸው አይቀርም፤ እሱም ቢሆን ለልጁ ትምህርት ነው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። ስለዚያ ሰነድ አርቃቂው የጻፉትን ከባሕሩ ምዕራፍ ጋር ጎን ለጎን ያስነብቡት፤ የት ላይ እንደሚለያዩ ልጁ ራሱ በእርሳስ ያስምር።