ዳኛ ለመሆን ምን ይጠየቅ ነበር?

ብዙዎቻችን ፍርድ ቤትን የምናውቀው በቀለብ፣ በውርስ ወይም በይዞታ ጉዳይ ደጁን ስንጠና ነው። ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥና እዚያ ለመድረስ ምን እንደሚጠየቅ ግን ብዙም አናነሳም። በዚህ እትም የዚህን ጉዳይ ታሪክ በአጭሩ ልናካፍላችሁ ወደድን።

ቀድሞ ዳኝነት ራሱን የቻለ ሙያ አልነበረም። አገር የሚገዛው ሹም ዳኛም እርሱ ነበር፤ ይግባኙም እስከ ንጉሡ ይደርሳል። የተጻፈው ሕግ ፍትሐ ነገሥት ሲሆን፣ እርሱን መተርጎም በቤተ ክህነት ትምህርት የገፉ ሊቃውንት ሥራ ነበር። ሹመቱም ትምህርቱም በወንዶች እጅ ስለነበር ከነገሥታትና ከመሳፍንት ቤት ያልተወለደች ሴት ችሎት የምትቀርበው ባለጉዳይ ሆና ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት ያንን ዘመን በደንብ ይገልጸዋል።

በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱ ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ተሰጠ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አደራጀ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ዳኞች መልካም ስምና ጠባይ ያላቸው፣ በሚፈርዱበት ሕግም ልምድና ችሎታ ያላቸው እንዲሆኑ ጠየቀ። ዲግሪ ግን አልጠየቀም።

ነገሩን የለወጠው የሕጉ መብዛት ይመስለናል። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ወጡ። በሺህ የሚቆጠሩ አንቀጾችን በልማድ ብቻ ማወቅ አይቻልም። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። ሕግ በፈተና የሚታለፍ ትምህርት ሲሆን፣ ሴት ልጅም በውጤቷ ልትገባበት የምትችልበት በር ተገኘ።

በ1988 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ዳኞች አስተዳደር አዋጅ መስፈርቱን ዘረዘረ፤ ዕድሜ ከ25 ዓመት ያላነሰ፣ ለሕገ መንግሥቱ ታማኝ፣ በትጋትና በፍትሐዊነት መልካም ስም ያተረፈ፣ በሕግ የሠለጠነ ወይም በልምድ በቂ የሕግ ችሎታ ያገኘ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ በሕግ ጠየቀ። የክልል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኞችን የሚሾመው በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት የክልሉ ምክር ቤት ነው።

ዝርዝሩን ስናየው ርስት፣ ዘር ወይም ጾታ የሚል የለበትም። መስፈርት ተጽፎ ሲቀመጥ፣ ዘመድ የሌላትም ልጅ ምን እንደጎደላት አውቃ ልታሟላ ትችላለች። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፣ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኝነት ሠርተው፣ ሌሎች ሴት የሕግ ባለሙያዎችን ይዘው ማህበር አቋቁመው፣ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ነገር ግን በሩ ተዘዋወረ እንጂ ያለ ዋጋ አልተከፈተም። ዛሬ ወደ ችሎት የሚያስገባው በር ትምህርት ቤት ነው። ከዘጠነኛ ክፍል የቀረች ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አትወስድም፤ ያንን ያላለፈች ሕግ ፋኩልቲ አትገባም። መስፈርቱ ከፍ ባለ ቁጥር ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅም ከወንበሩ ትርቃለች።

ስለዚህ በማህበራችን የሒሳብ መዝገብ «ደብተርና ዩኒፎርም» ተብሎ የሚሰፍረውን ወጪ አባሎቻችንም ደጋፊዎቻችንም እንደ ትንሽ ነገር እንዳታዩት እንለምናለን። ልጆቻችሁ «ዳኛ መሆን እፈልጋለሁ» ሲሉም «ለእኛ አይሆንም» አትበሏቸው። የሚጠየቀውን ቁጠሩላቸው፤ የመጀመሪያው የዘንድሮውን ክፍል ማለፍ ነው።