መንገድ ጠያቂው እንግዳና የፈረንሳይ ቋንቋ

ወደ አገራችን የሚመጣ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ቃል የመንገድ መጠየቂያ ነው። ፈረንሳዊው «ኡ ኤ ላ ጋር?» ቢላችሁ፥ «የባቡር ጣቢያው የት ነው?» ማለቱ ነው። «ላ ጋር» ለጆሯችን እንግዳ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ሰው ለገሃር እያለ ሲጠራው የኖረው ይኸው ራሱ ነውና። «ላ» በፈረንሳይኛ ከስም በፊት የምትገባ መለያ ስትሆን፥ እኛ ከነመለያዋ ወሰድነው። «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» ስንልም ጣቢያን ሁለት ጊዜ መጥራታችን ነው።

ምክንያቱ የሐዲዱ ታሪክ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ሥራውን ከፈቀዱ በኋላ፥ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ በመሥመሩ ሥራ የገባ ሁሉ ቋንቋውን መልመድ ነበረበት። በ1901 ዓ.ም. በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛ ከዋናዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነበር። ፉርጎ የምንለውም ቃል ሥሩ ከዚያው ቋንቋ ነው።

ወደ ጎጃም ግን ሐዲድ አልተዘረጋም፤ ስለዚህ የጎጃም ታሪክ ተቃራኒውን ያሳየናል። በ1830 ዓ.ም. ምጽዋ ከወረዱት ሁለት ወንድማማች ፈረንሳውያን አንዱ፥ አርኖ ዳባዲ፥ በጎጃሙ ገዥ በደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ዘንድ በእንግድነት ተቀምጦ ከሠራዊታቸው ጋር ዘመተ። አማርኛ ተማረ እንጂ ጎጃምን ፈረንሳይኛ አላስተማረም። ወንድሙ አንቷንም የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. በፓሪስ አሳተመ። እንደ እኔ አስተያየት፥ ሐዲድ ያለው ኩባንያ ቋንቋውን ይዞ ይመጣል፤ በበቅሎ የሚሄድ መንገደኛ ግን በባለአገሩ አፍ ካልጠየቀ ማደሪያም አያገኝ።

ዛሬ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዘው እንግዳ ፍኖተ ሰላምን፥ ቡሬን፥ ዳንግላንና ዱርቤቴን በመኪና ያልፋል። ከሥራችሁ ወጥታችሁ ቆማችሁ ሳለ ቢጠይቃችሁ፥ «አ ጎሽ» ወደ ግራ ማለት ነው፤ ጎሽ ብሎ ያመሰገናችሁ እንዳይመስላችሁ። «አ ድርዋት» ወደ ቀኝ ነው። «ቱ ድርዋ» ግን ቀጥታ ነው። የሁለቱ ልዩነት በመጨረሻዋ «ት» ብቻ ስለ ሆነ፥ እርሷን የዋጠ ሰው መገንጠያ ላይ ሊጠመዘዝ የሚገባውን እንግዳ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያደርገዋል። ስለዚህ ከቃሉ ጋር እጃችሁንም ዘርጉ።

በአዲስ አበባም «ላ ጋር» ያለውን ሁሉ ወደ ለገሃር አትምሩት። ከዚያ የሚነሣ ባቡር የለም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መሥመር የሚነሣው ከከተማው ዳር፥ ከፉሪ ለቡ ነው። አስቀድማችሁ ሊሳፈር ወይስ አሮጌውን ሕንጻ ሊያይ እንደ ፈለገ ጠይቁት።

«ሴ ልዋን?» ቢል «ሩቅ ነውን?» ማለቱ ነው። በገጠሩ «እዚህ ማዶ ነው» እንላለን፤ ማዶ ግን የግማሽ ቀን መንገድም ይሆናል። «አ ፒዬ» በእግር ነው፤ «ኣን ቯቲዩር» በመኪና ነው። ማዶን ከመናገራችሁ በፊት ከሁለቱ በየትኛው እንደሚሄድ ተረዱ።