ብቻቸውን የቀዱት ካሴት

እስቲ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ ንጉሥ ላሊበላ አይደለም፤ ስለ አንዲት ካሴት ነው።

ካሴቷ የጋሽ ኃይሉ መርጊያ ናት። የዋሊያስ ባንዱ ኦርጋን ተጫዋች! ዋሊያስ አዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወት ዘመኑ የሰዓት እላፊ ነበርና፣ አንዴ የገባ ታዳሚ እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም ታዳሚውም አብረው ያነጋሉ። «ቼ በለው»ን፣ ያንን ዝነኛ ሸክላ፣ የሠሩት በዚያ ዘመን ነው። በ1981 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ ሄዱ። ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ጋሽ ኃይሉ ከቀሩት ናቸው።

ከዚያስ? ከዚያማ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ገቡ። ባንድ የለ፣ ዘፋኝ የለ፣ እስኪነጋ የሚያጨበጭብ ሰው የለ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ የከበሮ ማሽን፤ እነዚህን ይዘው። ሐሳባቸው የልጅነታቸውን የአኮርዲዮን ድምፅ መመለስ ነበር። አንዱን መሣሪያ ተጫውተው ይቀዳሉ፤ የቀዱትን እየሰሙ ሌላውን ይደርቡበታል። ቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያንጽ ቀን ሰው የጀመረውን ሌሊት መላእክት እየቀጠሉ አደረሱት ይላሉ አባቶቻችን። ጋሽ ኃይሉ ግን የቀኑንም የሌሊቱንም ፈረቃ ራሳቸው ሠሩ።

በካሴቷ ላይ «ሸሞንሟናዬ» አለ፣ «ሽለላ»ም አለ። እኔን የሚይዘኝ «አምባሰል» ነው። አምባሰል የወሎ ተራራ ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱም በስሙ ይጠራል። እዚህ ላስታ ውስጥ አዝማሪ ማሲንቆውን አንሥቶ ሲጫወተው ግጥሙ ይቀድማል፤ ማን ተሞገሰ፣ ማን ተነካ ብለን ጆሯችንን የምንጥለው ቃሉ ላይ ነው። በጋሽ ኃይሉ እጅ ቃል የለም። የከበሮ ማሽኑ አይደክምም፣ አይቸኩልም፣ እንደጀመረው ይጨርሳል። አኮርዲዮኑ ግን ይተነፍሳል! ሲሳብ ዜማው ይረዝማል፣ ሲጨመቅ ይሰበራል። ማሽኑ ያን ያህል ደረቅ ባይሆን ያ ትንፋሽ እንዲህ ጎልቶ አይሰማም ነበር። ድምፁ የትልቅ ስቱዲዮ ጥራት የለውም የሚለኝ ሰው አለ። የለውም፤ ግን ሰውየው አጠገብህ ተቀምጠው የሚጫወቱ የሚመስለው በዚያው ምክንያት ነው። «ቼ በለው» ሲበዛ ያማረ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ምረጥ ብትሉኝ ይህችን እመርጣለሁ።

ዘመኑንስ አስባችሁታል? 1985 ማለት እኮ በእኛ 1977 ነው። ሰባ ሰባት! ላስታ የተራበበት፣ ሰው እንደ ጎርፍ ወደ ኮረም የተመመበት፣ ስንቱ ለሰፈራ ተጭኖ የሄደበት ዓመት። ጋሽ ኃይሉ ያንን አስበው ተጫወቱት አልላችሁም። ግን ወሎ ሰው እያለቀበት ሳለ የተራራው ዜማ በሰው አገር በአንድ ሰው ጣቶች መቀዳቱ ትዝ ሲለኝ አንጀቴ ይላወሳል።

ዓመታት አለፉ። ጋሽ ኃይሉ ታክሲ ነጂ ሆኑ፤ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ካሴቷን ባሕር ዳር አገኛት፤ ፈልጎ ደወለላቸውና በ2013 እንደገና አሳተማት። ጋሽ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ፣ ዓለምን ዞሩ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጡ።

ሰው ሁሉ ሰብሳቢውን ያመሰግናል፤ ይገባዋል። እኔ ግን አብዝቼ የማመሰግነው ያችን ካሴት ሳይጥላት የቆየውን የባሕር ዳር ሰው ነው። የካሴት ንግድ ከሞተ በኋላም አቆያት። ሥራዋ የተረፈው እንዲህ ነው፤ በክፍለ ሀገር መደርደሪያ ላይ።

እናንተም የላስታ ልጆች፣ በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ባትሪ ድንጋይ በሚበላ ቴፕ የተቀዱ የሠርግ ካሴቶች አሉ። አትጣሏቸው! ክሩ ሳይሻግት፣ ማጫወቻው ጨርሶ ሳይጠፋ፣ ወደ ስልክም ወደ ኮምፒውተርም ይገልበጡ። ሲገለበጡም የአዝማሪውን ስም የሚያውቅ ሽማግሌ ፈልጉና ጠይቁ፤ ስሙንና አገሩን ጻፉበት።